ሁለት ጭብጨባ፣ ሦስት ጭብጨባ

የዶርም ጓደኛዬን በደንብ ያወቅኳት ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። አብረን መኖር ከጀመርን ስድስት ሳምንት ሆኖናል። እስከዚያች ሌሊት ድረስ ግን ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበረንም።

ስልኳን ማድረቂያ ማሽኑ ላይ አስደግፋ ዩቲዩብ ከፍታለች። ጫማዋን አውልቃለች። ሁለት እርምጃ ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ፣ ዞር ትልና ታጨበጭባለች። ሦስት ጊዜ። ትሳሳታለች፣ ቪዲዮውን ወደ ኋላ ትመልሳለች፣ እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። ልብሴን ላወጣ መጥቼ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ስታየኝ ክው አለች።

«ማንም ሳያየኝ ልማረው ብዬ ነው» አለችኝ። «ሌሎቹ ሁሉ ከቤታቸው ችለውት ነው የመጡት።»

ጭፈራው ጋርባ ይባላል። የጉጅራት ሰዎች፣ ማለትም የምዕራብ ህንድ ሰዎች፣ ናቫራትሪ በሚሉት በዓል ዘጠኝ ሌሊት ይጨፍሩታል። መሃል ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው የሸክላ ዕቃ ውስጥ መብራት ይቀመጣል። ሰው በዙሪያው ክብ ሠርቶ እያጨበጨበ ይዞራል። ስሙ ከሳንስክሪት የመጣ ነው፤ ማህፀን ማለት ነው። ይህን ሁሉ በኋላ ነው የተማርኩት። ያን ሌሊት ያየሁት አንዲት ልጅ የአያቶቿን ጭፈራ እንደ ስርቆት ተደብቃ ስትለማመድ ነው።

በፈረንጆቹ 2018 ጥቅምት ነበር። ዩኒቨርሲቲያችን ከዋሽንግተን ዲሲ ብዙም አይርቅም። እኔ ከአዲስ አበባ በ14 ዓመቴ ነው የመጣሁት፤ በዲቪ፣ ከነቤተሰቤ። እሷ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ተራራ ሥር ባለች ትንሽ ከተማ ተወልዳ አደገች። ወላጆቿ ሞቴል አላቸው። አሜሪካ ውስጥ በመኪና የተጓዘ ሰው ያውቃል፤ መንገድ ዳር ካሉት ሞቴሎች ግማሽ ገደማ የሚሆኑት የህንድ ተወላጆች ንብረት ናቸው፣ አብዛኞቹም የጉጅራት ሰዎች ናቸው። ልጆቹ የሚያድጉት ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ ባለች ቤት ነው። ከትምህርት ቤት መልስ አንሶላ ይቀይራሉ። በከተማዋ ሌላ የህንድ ቤተሰብ አልነበረም። ጋርባ ለመጨፈር ክብ ያስፈልጋል። አራት ሰው ክብ አይሠራም።

አባቴ ስለ እሷ ስነግረው ደስ አለው። «ህንድ ናት? በጣም ጥሩ! ሂሳብ ታስረዳሻለች» አለኝ። በእሱ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ኢትዮጵያዊ የህንድ መምህር የማያስታውስ ከተገኘ ጥቂት ነው። አባቴ የሂሳብ መምህሩን እስከ ዛሬ «ሰር» እያለ ነው የሚያነሳቸው። ስማቸውን በፍቅር ነው የሚጠራው። አክስቴ ደግሞ የህንድን ሰው የምታውቀው በፊልም ነው፤ ቋንቋው ሳይገባት አልቅሳ ትወጣ ነበር። ስለዚህ እኛ ቤት ህንድ ማለት ወይ ሂሳብ ወይ እንባ ነው። ሞቴል ጀርባ ያደገች፣ የራሷን ጭፈራ ከዩቲዩብ የምትማር ልጅ በሐሳባችን አልነበረችም።

የህንድ፣ የፓኪስታንና የባንግላዴሽ ልጆች ራሳቸውን «ዴሲ» ይላሉ። ቃሉ ከ«ዴሽ» የመጣ ነው፤ ባንግላዴሽ በሚለው ስም መጨረሻ ላይ ያለችው ዴሽ ማለት ናት። ሀገር ማለት ነው። ዴሲ ደግሞ የሀገር ልጅ እንደማለት ነው። ቃሉን ስሰማው ወዲያው ገባኝ። እኛም ባቡር ውስጥ የማናውቀውን ሰው አይተን «ሀበሻ ነህ?» እንል የለ?

ግን ሌላም ስም አላቸው። ኤቢሲዲ። አራቱ ፊደላት ሲፈቱ «አሜሪካ የተወለደ ግራ የተጋባ ዴሲ» ይሆናሉ። ከህንድና ከፓኪስታን ለትምህርት በቀጥታ የመጡት ተማሪዎች እዚህ የተወለዱትን የሚጠሩበት ነው። እዚህ የተወለዱት ደግሞ ለአዲስ መጦቹ የየራሳቸው ስም አላቸው፤ እሱም አያምርም። ካፍቴሪያው ውስጥ ሁለቱ ወገኖች ለየብቻ ነበር የሚቀመጡት። የአንዱ እንግሊዝኛ ሌላውን ያሳፍረዋል።

ያ «ግራ የተጋባ» የሚለው ነገር ያናድደኛል። ሁለት ዓመት አብሬያት ኖሬያለሁ። ግራ የተጋባ ሰው አላየሁም። ያየሁት ሥራ ነው። በእኩለ ሌሊት እርምጃ መቁጠር ሥራ ነው። ከአያት ጋር በስልክ ለማውራት የቋንቋ ክፍል መመዝገብ ሥራ ነው። በልጅነቷ አስተማሪዎች ስሟን መጥራት ስላቃታቸው አሳጥራው ነበር። ዩኒቨርሲቲ በገባች በመጀመሪያው ሳምንት ሙሉ ስሟን መልሳ ያዘች። ሰው ሲሳሳትባት በትዕግስት ታርማለች፤ በቀን አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ። ይህን ግራ መጋባት የሚለው ሰው ቀርቦ ያላየ ነው።

ለታንክስጊቪንግ፣ ለአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ ቤታቸው ወሰደችኝ።

ሞቴሉ ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ በሮቹ ሁሉ ወደ መኪና ማቆሚያው ይከፈታሉ። ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ ያለውን በር ስንከፍት ሽታው ተቀበለን። ዘይት ግሎ የሰናፍጭ ፍሬና ከሙን ጣል ሲደረግበት የሚወጣው ሽታ። እናቷ ቶሎ ብላ በሩን ዘጋችው። ምግብ ሲሠራ በሩ ሁልጊዜ ይዘጋል፣ የጓሮው መስኮት ይከፈታል። እንግዳ ሽታውን እንዳይጠላው ነው። እኔ ይህን ስሰማ አንጀቴ ተላወሰ። እናቴም አፓርትመንታችን ውስጥ ቁሌት ስታቁላላ ፎጣ በበሩ ሥር ትወሽቃለች።

አያቷ እንግሊዝኛ አይችሉም። እኔ ጉጅራቲ አልችልም። ወጥ ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ስንቀር ዝም ብለን ተያየን። ከዚያ ክብ ቆርቆሮ ዕቃ አወጡና ክዳኑን ከፈቱት። ውስጡ ሰባት ትንንሽ ጣሳ አለ፤ በእያንዳንዱ ቅመም። አንዱን በጣቴ ነክቼ አሸተትኩት። «እርድ» አልኩ። ሳቁ። ሌላውን ገፋ አደረጉልኝ። «አብሽ» አልኩ። «ሜቲ» አሉ። ሦስተኛውን ስሸተው ዓይኔ ቦዘዘ። ነጭ አዝሙድ ነው፤ አዲስ አበባ የአያቴ ጓዳ። «አዝሙድ!» አልኳቸው። «አጅሞ» አሉ፣ ጣታቸውን እያወዛወዙ። አዝሙድ። አጅሞ። እየተቀባበልን ደጋገምነው። በሕይወቴ ካደረግኋቸው ጥሩ ጭውውቶች አንዱ ነው።

እራት ላይ አያትየው የልጅ ልጃቸውን ስለ እኔ ጠየቋት። ከየት ነች? ኢትዮጵያ አለቻቸው። አሰቡና አንድ ቃል አሉ። «ሀብሲ።»

ሰማሁት። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። «አዎ! ሀበሻ! ሀበሻ ነኝ!» አልኩ፣ ደረቴን እየመታሁ። አያትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። ገበታው ላይ ግን ሌላ ሰው አልሳቀም። ጓደኛዬ ሳህኗ ላይ አቀርቅራለች። እናቷ ውሃ ልታመጣ ተነሳች።

ማታ ክፍላችን ገብተን መብራት ካጠፋን በኋላ ነገረችኝ። ቃሉ ከእኛው ሀበሻ ጋር አንድ ነው፤ በዐረብኛና በፋርስኛ በኩል ህንድ የገባ። ከዘመናት በፊት ከእኛ አካባቢ ባሕር ተሻግረው የመጡ ሰዎች መጠሪያ ነበር። ዛሬ ግን በብዙ አፍ ላይ ጥቁር ሰውን መናቂያ ሆኗል። «አያቴ እንዴት አድርጋ እንዳለችው አላውቅም» አለችኝ። «ግን እኔ ልጅ ሆኜ ስሰማው ጥሩ ቃል አልነበረም። ይቅርታ።»

ዝም አልኩ። ሀበሻ ለእኔ ቤቴ ነው። ባዕድ ከተማ መሃል ሞቅ የሚያደርገኝ ቃል ነው። ሌላ ቤት ውስጥ ቆሻሻ ሆኖ ማግኘት ያማል። ከሁሉ ያመመኝ ደግሞ በደስታ መመለሴ ነው። ደረቴን መምታቴ።

ያን ሌሊት ሁለታችንም አልተኛንም። ስልካችንን ይዘን ስለ ቃሉ ማንበብ ጀመርን። መጀመሪያ ያገኘነው ማሊክ አምባርን ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደ፣ በባርነት ተሽጦ ህንድ የደረሰ፣ ከዚያ ደካን በሚባለው ደቡባዊ የህንድ ክፍል የአህመድናጋር ሱልጣኔት እንደራሴ ሆኖ፣ ሰሜኑን ይገዙ የነበሩትን የሙጋል ነገሥታት ጦር ዓመታት ያስቆመ ሰው። በ1626 ነው የሞተው። ከአፍሪካ የመጡት ሰዎች ዘሮች ሲዲ ይባላሉ፤ ዛሬም ጉጅራትና ካርናታካ ውስጥ ይኖራሉ። ጉጅራት ስንል የእሷ ጉጅራት።

ከዚያ አንድ ፎቶ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ስልኩን አስቀመጠች። ተነስታ ጃኬቷን ደረበችና በውጭ በኩል ወደ ሳሎናቸው ሄደች። ስትመለስ አንድ የግድግዳ ጌጥ ይዛለች፤ እንጨት ላይ የተለበጠ ናስ። አንድ ዛፍ ነው። ግንዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቅርንጫፎቹ እንደ ዳንቴል ይጠላለፋሉ። አያቷ ያደጉት ጉጅራት ውስጥ፣ አህመዳባድ ከተማ ነው፤ ይህ ደግሞ የከተማዋ ምልክት ነው። ሱቅ ሁሉ ይሸጠዋል። እውነተኛው ከድንጋይ የተፈለፈለ የመስጊድ መስኮት ነው። የሲዲ ሰይድ መስጊድ ይባላል፤ በ1573 ያሠራው ደግሞ ሲዲ ሰይድ የተባለ የሀበሻ ተወላጅ ነው።

«ሕይወቴን ሙሉ ሶፋችን በላይ ተሰቅሎ ነበር» አለችኝ።

ጠዋት ላይ ለአያቷ ነገረቻቸው። ረጅም ጊዜ በጉጅራቲ አወሩ። እሳቸው ልጅ ሆነው በዚያ መስጊድ በኩል ያልፉ እንደነበር፣ ሲዲ የሚለውን ስም እንደሚያውቁት፣ ሲዲ ማለት ማን ማለት እንደሆነ ግን ማንም ነግሯቸው እንደማያውቅ ተናገሩ። ይቅርታ አልጠየቁኝም። ሳህኔ ላይ ሌላ ትኩስ ስስ ቂጣ ጨመሩልኝ፣ ቅቤውን ራሳቸው ቀቡት። ያንን ቃል ከዚያ በኋላ ሲሉት አልሰማሁም። ይህ በቂ ነው ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ በቂ አይደለም። ግን ቂጣውን በላሁት፤ በደስታ ነው የበላሁት።

ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ የእስያ አሜሪካውያን ታሪክ ኮርስ አብረን ወሰድን። እዚያ ነው ባጋት ሲንግ ቲንድን ያወቅነው። ከህንድ የመጣ የሲክ እምነት ተከታይ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካን ወታደር ዩኒፎርም ለብሷል። በ1923 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነጭ ስላልሆነ ዜግነት አይገባውም ብሎ ፈረደበት። ከዚያ ፍርድ በኋላ ቀድሞ ዜግነት ያገኙ ህንዶችም ተነጠቁ። ዳሊፕ ሲንግ ሳውንድ ደግሞ ልክ እንደ እኛ ተማሪ ነበር። በ1920 መጣ፤ በርክሌይ ተምሮ በ1924 በሂሳብ ዶክትሬቱን ያዘ። ከዚያ ካሊፎርኒያ ውስጥ ገበሬ ሆኖ ኖረ። ህንዶች ዜጋ መሆን የቻሉት በ1946 በወጣ ሕግ ነው፤ ከህንድ በዓመት እንዲገባ የሚፈቀደው ግን 100 ሰው ብቻ ነበር። ሳውንድ ዜግነቱን አግኝቶ በ1956 ለኮንግረስ ተመረጠ። ጓደኛዬ ይህን ሁሉ በ12 ዓመት ትምህርቷ አንድ ቀን ሰምታ አታውቅም። ክፍሉ ውስጥ ከነበሩት ዴሲዎች ብዙዎቹም እንደዚሁ። ከመምጫችን በፊት ማንም አልነበረም ብለው ነበር የሚያስቡት።

ከሁሉ በላይ አእምሮዬን የያዘው ግን የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። በትውልድ አገር ላይ የተመሠረተውን ኮታ አነሳ፤ ለተማረ ባለሙያና ለቤተሰብ ቅድሚያ ሰጠ። ሐኪሙ፣ ኢንጂነሩ፣ ሳይንቲስቱ ገባ። ልጆቻቸው ደግሞ «ዶክተር ወይም ኢንጂነር ሁን» ሲባሉ አደጉ፤ ይህ የህንድ ባህል ነው ተባሉ። ባህል ብቻ አይደለም። በሩ ላይ የቆመው ሕግ ማን ይግባ ብሎ መርጧል። ይህን የተረዳ አንድ ልጅ ክፍል ውስጥ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ «እኔ ሰነፍ ስለሆንኩ አይደለማ» አለ። ሕክምና አቋርጦ ታሪክ የገባ ልጅ ነው። ማንም አልሳቀበትም።

ሌላኛው በር ዲቪ ነው። በዚያ በር ብዙ ባንግላዴሻውያንም ገብተዋል፤ እንደኛው። በደቡብ እስያ ተማሪዎች ማኅበር ውስጥ አንድ የባንግላዴሽ ልጅ ነበር። አባቱ ኒውዮርክ ታክሲ ይነዳሉ። የእኔ አባት ዲሲ ታክሲ ይነዳል። የተዋወቅነው በዚህ ነው። አንድ ምሽት የማኅበሩ ራት ላይ ነበርን። አንዲት ልጅ በቅንነት ጠየቀችው፤ «አባትህ ምን ዓይነት ዶክተር ነው?» ሐኪም ነው ወይ ብላ አልጠየቀችም። ምን ዓይነት ነው ያለችው። እሱ «ሹፌር ነው» አለ፣ በረጋ ድምፅ። የተከተለውን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ቤተኛ በሆንክበት ቤት ውስጥ እንግዳ መሆን እንዲህ ነው የሚመጣው። በክፋት አይደለም። ሁሉም ሰው አንተን እንደ ራሱ ሲቆጥርህ ነው።

ደቡብ እስያ የሚለው ስም ሰፊ ጥላ ነው። ሥሩ ግን ስንት ነገር አለ! በ1947 ህንድና ፓኪስታን ሲለያዩ የተፈናቀሉና የተገደሉ ሰዎች የልጅ ልጆች አብረው ሳሞሳ ይበላሉ። የኔፓሉ ልጅ ሁልጊዜ «ህንድ አይደለሁም» ሲል ይውላል። የማኅበሩ ፊልም ምሽት ሁሌም በሂንዲ ነው፤ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው የደቡብ ህንድ ታሚሎች የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ከታች እያነበቡ ነው የሚያዩት። እኔ ይህን ሁሉ ሳይ ስለ እኛ አስብ ነበር። ሀበሻ ስንል ማን ይገባል? ቃሉን የማይወዱት ወገኖቻችን አሉ፤ ምክንያት አላቸው። እኔ እዚያ ክፍል እስክቀመጥ ድረስ ምክንያታቸውን ለመስማት ቁጭ ብዬ አላውቅም ነበር።

የታክሲ ነጂው ልጅ የካቲት ላይ ትንሽ ክፍል አስያዘ። በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 21፣ 1952፣ የዛሬዋ ባንግላዴሽ ገና የፓኪስታን አካል ሳለች፣ ዳካ ውስጥ ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ። የፓኪስታን መንግሥት ኡርዱ ብቻ የመንግሥት ቋንቋ ይሁን ስላለ፣ የእኛ ቋንቋ ባንግላም ይሁን ብለው ነው። ፖሊስ ተኮሰባቸው። ዩኔስኮ በ1999 ቀኑን የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን ብሎ ሰየመው። ቤንጋሊዎች፣ ማለትም ባንግላ ተናጋሪዎቹ፣ በዚህ ቀን በጠዋት በባዶ እግራቸው ሄደው ለሰማዕታቱ መታሰቢያ አበባ ያስቀምጣሉ። ልጁ መታሰቢያውን ከካርቶን ሠራው። ነጭ አምዶች፣ መሃሉ ላይ ያለው ወደ ፊት ያጎነበሰ፤ ከኋላ ቀይ ክብ። ሌሊቱን ሙሉ ሲቆርጥ አድሮ ጣቱ ተልጧል።

ዘጠኝ ሰው ነው የመጣው። ጫማችንን በሩ ላይ ደረደርን። ምንጣፉ ይቀዘቅዛል። ከመጡት አንዷ ፓኪስታናዊት ነበረች፤ የላሆር ልጅ። ከሱፐርማርኬት የተገዛ ነጭ አበባ ይዛለች፣ የዋጋው ወረቀት እንደተለጠፈበት። ስታስቀምጠው እጇ ይንቀጠቀጣል። «ትምህርት ቤት ይህን በሁለት መስመር ነው ያለፍነው» አለችው። እሱ ምንም አልመለሰላትም። ወረቀቱን ቀስ ብሎ ከአበባው ላይ ላጠና ኪሱ ከተተው።

ከሁለት ቀን በፊት የካቲት 12 ነበር። እኛ ስድስት ኪሎ የምናስባቸው ሰማዕታት ቀን። የቤንጋሊዎቹ መታሰቢያ ሻሂድ ሚናር ነው የሚባለው፤ ሻሂድ ከዐረብኛ ነው፣ የኛ ሙስሊሞች ያውቁታል፤ ምስክር ማለት ነው። የእኛው ሰማዕት የሚለው የግዕዝ ቃልም ያው ምስክር ማለት ነው። ይህን ለልጁ ነገርኩት። ስልኩ ላይ ጻፈው።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ያሳፍረኛል። በዚያው ማኅበር «የቤተሰብ ስምሽ ማነው?» የሚል ጥያቄ አለ። ጨዋ ጥያቄ ይመስላል። ህንድ ውስጥ ግን የቤተሰብ ስም ካስትን ይናገራል፤ ሰው የተወለደበትን ደረጃ። ለማስተርስ ከህንድ የመጣች አንዲት ልጅ ዳሊት መሆኗን ለእኔ ነግራኛለች። ድሮ «የማይነኩ» ይባሉ ከነበሩት ወገን ናት። ለአንድም ዴሲ አልነገረችም። «አንቺ ከውጭ ስለሆንሽ ነው» አለችኝ። ስሟን ስትጠየቅ የመጀመሪያዋን ብቻ ተናግራ ወሬ ትቀይራለች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መምጣት አቆመች። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀም። ብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ በዚያው በ2019 መጨረሻ፣ የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ደግሞ በ2022 መጀመሪያ፣ ካስትን ከተከለከሉ የመድልዎ ዓይነቶች ጋር በመተዳደሪያቸው አስገብተዋል። ዜናውን ሳነብ ያቺ ልጅ ናት ትዝ ያለችኝ።

ታሚሎቹ ብዙዎቹ የቤተሰብ ስም የላቸውም። የአባታቸውን ስም ነው የሚይዙት፤ ልክ እንደኛ። አንዱ ታሚል ከእኔ ጋር ቢሮ ተሰልፎ «የቤተሰብ ስም» የሚለውን ሳጥን ሲሞላ እኩል ተቸግረናል። እነሱ ዘንድ ነገሩ ታሪክ አለው። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ፔሪያር የተባሉ ታሚል የለውጥ አራማጅ የመሩት ንቅናቄ ሰዎች የካስት ስማቸውን እንዲጥሉ ይቀሰቅስ ነበር። ስም ሲጠራ ደረጃ እንዳይታወቅ። ይህን ሲያጫውተኝ እኔ የራሳችንን ጥያቄ አስብ ነበር። «አገርሽ የት ነው? አዲስ አበባማ እሺ፣ የአባትሽ አገርስ?» የጠየቀው ሰው ምን ሊያውቅ እንደፈለገ ሁላችንም እናውቃለን። እኔም ጠይቄያለሁ። ከዚያ ወዲህ ጠይቄ አላውቅም።

በ2019 መስከረም መጨረሻ ናቫራትሪ እንደገና ገባ። ጓደኛዬ አሁን አሰልጣኝ ሆናለች። ልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ቀርቶ ስፖርት አዳራሽ ነው። አሥራ አምስት ጀማሪ፣ ከነሱ አንዷ እኔ። እንቁጣጣሽ ላይ እያጨበጨብኩ ቤት ለቤት የዞርኩ ልጅ ነኝ፤ ጭብጨባው አልከበደኝም። እግሬ ነው እምቢ ያለኝ። ሦስት ጭብጨባ፣ ዞር፣ ሁለት እርምጃ። «ቁጠሪ» ትለኛለች። «ዝም ብለሽ ቁጠሪ።»

በበዓሉ ቅዳሜ እናቷና አያቷ መጡ። አባቷ አልመጡም። ሞቴል ሌትና ቀን ሰው ይፈልጋል፤ ሁለቱ ወላጆች አንድ ላይ ከቤት ወጥተው አያውቁም። አያትየው ነጠላ የመሰለ ነጭ ልብስ ተከናንበው ግድግዳ ጥግ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሲያዩኝ እጃቸውን ዘረጉ። «አዝሙድ» አሉኝ። «አጅሞ» አልኳቸው።

ከበሮው ተጀመረ። ሦስት መቶ ሰው ይሆናል፤ በክብ ውስጥ ክብ። የባንግላዴሹ ልጅ አለ። የላሆሯ ልጅ አለች። ዳሊቷን ልጅ ዓይኔ ፈለጋት፣ አላየኋትም። መሃል ላይ የሸክላው መብራት በቀዳዳዎቹ ያበራል። ጓደኛዬ ከፊቴ ናት፤ ሳትቆጥር ነው የምትጨፍረው።

አንድ ሰዓት ያህል እንዳለፈ አያትየው ተነሱ። ማንንም አልጠየቁም። ጫማቸውን ወንበሩ ሥር አደረጉና ከእኛ ክብ ገቡ፤ ጓደኛዬ ፊት። ሙዚቃው ፈጣን ነው፣ እሳቸው ግን አልቸኮሉም። እግራቸውን እምብዛም አያነሱም። ጎንበስ ይላሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ ቀና ይላሉ፣ ያጨበጭባሉ። ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ዩቲዩብ ላይ ያልነበረ እርምጃ ነው። ጓደኛዬ ሦስተኛውን ጭብጨባ አንስታ እጇ አየር ላይ ቀረ። የአያቷን ተረከዝ አየች። ከዚያ እጇን አወረደችና ጎንበስ አለች። ቀጥሎ ቀና። እሷ የሳቸውን እግር እያየች፣ እኔ የሷን እግር እያየሁ፣ ቀስ ብለን ዞርን።